የበዓል ቀን በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ነገር ግን ከባሕር ጠረፍ በመጣ መንገድ የተወለደች ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. እዚህ በደረሰ ጊዜ፥ በደቻቱ ወንዝ በአንደኛው ወገን ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ተቀየሱ፤ ግራና ቀኛቸውም ዛፍ ተተከለ። ይህም ሰፈር ከዚራ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው መጋላ ግን በጠባብና በጠመዝማዛ መንገዶቹ የታወቀ ነው። ባቡሩን ተከትለው ፈረንሳዮች፥ ግሪኮች፥ አርመኖች፥ ዓረቦችና ሕንዶች መጥተው ሲሠሩና ሲነግዱ፥ ሆቴሉና ቡና ቤቱም አብሮ ተከፈተ። በማታ ከደጅ በወጣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነፋስ እየተቀበሉ መጫወት ለከዚራ ሰው እስከ ዛሬ የቆየ ልማድ ነው።

ልማዱን አንነቅፍም። የምንነቅፈው በበዓል ቀን ቤተ ሰብን ለሁለት ሲከፍል ነው። በብዙ ቤት የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ከቅዳሴ መልስ ማዕዱ ይቀርባል፤ ከተበላ በኋላ አባት «ጥቂት ነፋስ ልቀበል» ብሎ ወደ ግሮሰሪ ይወጣል። እናት ከዕቃ አጠባውና ከምድጃው ሙቀት ጋር ትቀራለች፤ ልጆችም አዲሱን ልብሳቸውን እንደ ለበሱ በር በሩን ያያሉ። አባት ሲመለስ ልጆቹ ተኝተዋል፤ ለደብተር መግዣ የታሰበውም ገንዘብ አልቋል።

ከጎረቤቶቻችን አንዱ፥ በጡረታ ላይ ያሉ አዛውንት፥ ስለዚህ ነገር ስንጨዋወት እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፥ እኔን ከቤት የሚያስወጣኝ መጠጡ አይደለም። ቤቱ ይሞቃል፤ ጨዋታም የለም።» ይህን ቃል ብዙ ጊዜ አሰብንበት። እውነትም ድሬዳዋ ቆላ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ቆርቆሮ ሙቀቱን እስከ ማታ አይለቅም። እንግዲህ ሰው ከደጅ የሚሻው ጥላ፥ ነፋስ፥ መቀመጫና ወዳጅ ነው። ነገር ግን እነዚህ አራቱ ለሚስትም ለልጆችም ያስፈልጋሉ፤ ቤቱ የሚሞቀው ለአባወራው ብቻ አይደለምና።

ቤተ ክርስቲያናችን በጥምቀት ማግስት፥ ጥር 12 ቀን፥ የቃና ዘገሊላን በዓል ታከብራለች። ጌታችን ውኃውን ወደ ወይን የለወጠው በሰርግ ቤት ነው፤ በዚያም እመቤታችንና ደቀ መዛሙርቱ ነበሩ። ወይኑ ማለቁን አይታ የተናገረችው እናት ናት። ከዚህ የምንረዳው መጠጥ ራሱ የተጠላ አለመሆኑን፥ ነገር ግን ደግ ቦታው ቤተ ሰብና ወዳጅ በተሰበሰቡበት መካከል መሆኑን ነው። የጽዋ ማኅበራችንም ሥርዐት ይኸው ነው፤ በየወሩ በተራ ከአባል ወደ አባል ቤት ይዞራል፤ ጸሎት ይደርሳል፥ ዳቦው ይቈረሳል፥ ጠላውም በሽማግሎችና በልጆች ፊት ይቀዳል። እርስ በርስ የሚተያይ ሰው መጠኑን አይረሳም።

ስለዚህ እኛ በቤታችን አንድ ልማድ አበጀን። በበዓል ቀን ዕቃውን ሁላችንም ተባብረን እናጥባለን፤ ፀሐይ ሲበርድም ሁላችን አብረን እንወጣለን። ከባቡር ጣቢያው ፊት ተነሥተን በዛፎቹ ሥር እንሄዳለን፤ ለልጆችም ለውዝና ብርቱካን ይገዛል። ቢራ የሚያምረው ከደጅ ባለው ወንበር፥ በቤተ ሰቡ መካከል፥ አንዲት ጠርሙስ ይጠጣል። ወደ ቤትም የምንመለሰው አብረን ነው።

ከከተማ መውጣት ለሚሻም ቍልቢ አለ። ራስ መኰንን ከዐድዋ ድል በኋላ የተከሉት የቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በዓሉ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ይከበራል፤ የደንገጎን ዳገት በእግሩ የሚወጣ ምእመንም ብዙ ነው። ልጆችን ለሚያስከትል ግን ጥቂት ምክር አለን። ቍልቢ ደጋ ነውና በከዚራ ልብስ አይወጣም፤ ጋቢ ይያዝ። የታኅሣሡ በዓል በጾመ ነቢያት ውስጥ ስለሚውል ስንቁ የጾም ይሁን። በክረምት ደግሞ ልጆች በደቻቱ አሸዋ ላይ እንዲጫወቱ አይተዉ፤ ከተማው ሳይዘንብበት በደጋው የጣለው ዝናብ በድንገት ይወርዳልና። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል።

ባለፈው ጥምቀት እኚያን ጎረቤታችንን ከባለቤታቸው ጋር ከዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ቀርበን እንኳን አደረሳችሁ ስንል፥ እማማ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ትንሽ ገለጥ አድርገው፥ «በከዚራ አርባ ዓመት ስኖር በማታ እዚህ ነፋሱ እንዲህ ደስ ማለቱን ዛሬ ገና አየሁ» አሉን። አዛውንቱ መልስ አልሰጡም፤ ወንበራቸውን ግን ወደ እርሳቸው አስጠጉ።

ውድ አንባብያን፥ በየቤታችን ይህን ነፋስ ገና ያላየች እናት እንዳትኖር፥ በሚመጣው በዓል አብረን እንውጣ።