«ተወው፣ ይለምዳል»

ከካምቢዮ እንግዳ ድምፅ ሲወጣ በአገራችን የሚታዘዙት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። አንዱ «ተወው፣ ይለምዳል» ነው። ሌላው «እንደገና ይፈታ» ነው። ሁለቱንም የሚያዝዝ ሰው ድምፁን በቅጡ አልሰማውም። በመካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ሳንቲም አያስወጣም፣ ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። እሱም ማድመጥ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሐዋሳ ውስጥ በባለ 150 ሲሲ ሞተር ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰብ ያስተዳድራል። ባለፈው ጭነት ሲከብደው ሦስተኛ ማርሽ እየዘለለ መውጣት ጀመረ። አዲስ ሞተር መግዛት የሚታሰብ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም አብሮት ወጣ። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ዘርግተን ካምቢዮውን ራሳችን ፈታነው። የተበላውን የሦስተኛ ማርሽ ጥንድ ቀየርን። ከተፈታ አይቀር ብለን ከፍሪሲዮን ኃይል የሚቀበለውን ዘንግ ኩሽኔታም አዲስ አደረግነው። ገጥመን ስናስነሳው ማርሹ መዝለሉን ተወ። ግን ቀድሞ ያልነበረ ጉርምርምታ መጣ፤ ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ።

ይህን ድምፅ ንቆ መንዳት አደጋ አለው። በእንዲህ ያለው ሞተር ሳይክል ሞተሩና ካምቢዮው የሚጠጡት አንድ ዘይት ነው። ካምቢዮ ውስጥ የተላጠ ብረት በዘይቱ ተሸክሞ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ኩሽኔታው ጨርሶ ከተሰበረ ደግሞ ዘንጉ ሊነክስና የኋላው ጎማ በጉዞ ላይ ሊቆለፍ ይችላል። ከኋላ ሰው ወይም ጭነት ላለው ነጂ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ጎረቤት «ዘይት ቀይሩ» አለ፣ ሌላው «ሞተሩ ራሱ ነው» አለ፣ ሦስተኛው አዲሶቹን ማርሾች ጠረጠረ። እኛ አንድም ብሎን ሳንነካ ድምፁን በተራ ጠየቅነው።

በመጀመሪያ ሞተሩን አስነስተን ዜሮ ማርሽ ላይ አቆምነው። ያጉረመርማል። ቀጥሎ ፍሪሲዮን ጨብጠን፣ አንደኛ ማርሽ አስገብተን፣ የኋላውን ፍሬን ያዝን። ዜሮ ላይ ፍሪሲዮን መጨበጥ ብቻውን አይበቃም፤ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ዘንጉን ትንሽ እየጎተተ ሊያዞረው ይችላል። ማርሽ ገብቶ ጎማው ሲያዝ ግን የካምቢዮው ዘንጎች ሁለቱም ቀጥ ይላሉ፤ የሚዞረው ሞተሩ ብቻ ነው። ጉርምርምታው ጠፋ። ስለዚህ ሞተሩ ነጻ ነው።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተን፣ በዜሮ ማርሽ፣ የኋላውን ጎማ በእጅ አሽከረከርነው። አሁን የሚዞሩት ሰንሰለቱን የሚነዳው ዘንግ፣ ሰንሰለቱና ጎማው ናቸው። ጸጥ። እነሱም ነጻ ናቸው። በመጨረሻ ሰፈር ውስጥ በዝግታ በየማርሹ ነዳነው። ድምፁ በሦስተኛ ማርሽ ብቻ ቢሆን ኖሮ አዲሱን ጥንድ በጠረጠርን። በሁሉም ማርሽ ነበር፤ የሚከተለውም የሞተሩን ዙር እንጂ የጎማውን ፍጥነት አልነበረም። ረጅም ካቻቢቴ ወስደን ጫፉን ካምቢዮው ላይ፣ እጀታውን ጆሯችን ላይ አድርገን ስናዳምጥ ድምፁ የሚጎላው ከፍሪሲዮን በኩል ባለው ዘንግ ላይ ሆነ። ዘይቱን አፍስሰን ማግኔት ስንነክርበት የሚያብረቀርቁ ቅርፊቶች ይዞ ወጣ። አዲስ ማርሽ ሲላመድ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ብናኝ ያወጣል፤ እሱ አያስደነግጥም። ቅርፊት ግን የብረት ፊት መላጡን ይነግራል።

እንደገና የፈታነው ከዚህ በኋላ ነው፤ የምንፈልገውን እያወቅን። አዲሱ ኩሽኔታ በእጅ ሲዞር ይንገጫገጫል፣ ኳሶቹ የሚሄዱበት መስመር ተልጧል። ካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥርና ቀለበቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርም አይገናኙም። በ«ኦሪጅናል» ስም፣ በኦሪጅናል ዋጋ የተሸጠ ነበር።

ወንድሜ ወደ ገዛበት ሱቅ ይዞት ሲሄድ አብሬው ነበርኩ። ሻጩ «ጋሼ፣ ገበያ ላይ ያለው ይኸው ነው፤ አገጣጠማችሁ ይሆናል» አለኝ። ደረሰኝ ስንጠይቅ በሽያጩ ቀን «ማሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሻጭም ደረሰኝ የመስጠት ግዴታ አለበት። ሕጉ አለ። ሕጉን የሚያስጀምረው ወረቀት ግን ከሱቁ አልወጣም። ወንድሜ የሦስት ቀን ገቢውን ከፍሎ ሌላ ኩሽኔታ ከሌላ ሱቅ ገዛ። ጉርምርምታው ጠፋ፤ ሥራውም ቀጠለ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ማሽን በሽታውን አይደብቅም፤ ጮክ ብሎ ይናገራል። የምንደብቀው እኛ ነን። የሰፈር ትራንስፎርመር ሲያጓራ፣ ሠራተኛ ሲያጉረመርም፣ ገበያ ሲንጫጫ መጀመሪያ «ይለምዳል» እንላለን፤ ሲብስ ደግሞ ያለውን ሁሉ ፈትተን እንበትናለን፣ ጤነኛውንም ከታማሚው ጋር። የት ይሰማል፣ መቼ ይጠፋል፣ ምን ሲዞር ይመጣል ብሎ በተራ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው።

የንግድ ተቆጣጣሪዎች ሐሰተኛ መለዋወጫ ለመያዝ ውስብስብ መሣሪያ አያስፈልጋቸውም። ካርቶኑን ከፍቶ ሁለት ቁጥር ማስተያየትና የደረሰኝ ማሽኑ ይሠራ እንደሆነ ማየት ለመነሻ ይበቃል። እኛም ኩሽኔታ ስንገዛ፣ ከሱቁ ሳንወጣ፣ በጣታችን አዙረን እንስማው።