ሕጉም ጢሱን ያውቀዋል

ቢቸናም ሞጣም አረቄ ማውጣት የብዙ ሴቶች እንጀራ ነው። ጌሾና ብቅሉ ተደፍድፎ ይቆይና እንስራው ይጣዳል፤ እንፋሎቱ በመቃ አልፎ፣ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ቀዝቅዞ ይጠራቀማል። እሳቱ ለሰዓታት አይጠፋም። ጢሱም እንደዚያው።

ጎረቤታችን ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚህ ነው። እናቴ ደግሞ አስም አለባት፤ እንስራ በተጣደ ቀን መስኮት ዘግታ ትውላለች። ማታ የጠጪው ጫጫታ ይጨመራል። «እትዬ፣ ይተዉት» ማለት እንጀራዎን ይተዉ ማለት ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ የእናቴ ትንፋሽስ?

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1225 ይህንኑ ያነሳል። ባለቤት ከመልካም ጉርብትና ልክ ባለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ወይም ንዝረት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ልኩ ሲመዘን ግን የአካባቢው ልማድም ይታያል። ስለዚህ ጥያቄው «አረቄ ይውጣ ወይስ አይውጣ» ሳይሆን «እስከ ምን ድረስ» የሚል ነው።

ክስ አላሰብንም። ተካሰን እንዴት አንድ ዕድር እንቀመጣለን? ሁለት የሰፈር ሽማግሎች ቡና ላይ አስቀመጡን። ምድጃው ከአጥራችን ሥር ተነስቶ ወደ ጓሮው ጥግ ሄደ፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ጠጪ አይገባም ተባለ።

ጢሱ አልጠፋም፣ ነፋስ ሲዞር ይመጣል። አሁን ግን እትዬ «ዛሬ ልጥድ ነው!» ብለው በአጥሩ ይጣራሉ። እናቴም ቀድማ መስኮቷን ትዘጋለች፣ ልብሷን ከገመድ ታነሳለች።