ለአሮጌው ላፕቶፕ ኤስኤስዲ፣ ለፎቶው ሃርድ ዲስክ

«ላፕቶፔ ተንቀረፈፈብኝ» ብሎ የሚያማክረኝን ሰው ሁሉ፣ አዲስ ከመግዛቱ በፊት አንድ ነገር እንዲያይ እለምነዋለሁ፦ ውስጡ ያለው ሃርድ ዲስክ ነው ወይስ ኤስኤስዲ? ሃርድ ዲስክ ከሆነ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አለ፤ የምታነበው ጭንቅላት ከላዩ ከፀጉር በእጅጉ በቀጠነ ክፍተት ተንሳፍፋ ፋይሉን ትፈልጋለች። ላፕቶፑ እየሠራ ከወደቀ ዲስኩን ልትፍቀው ትችላለች። ኤስኤስዲ ግን የሚንቀሳቀስ አካል የለውም።

ከኤስኤስዲ ዓይነቶች ሳታ የሚባለው በሰከንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ ብዙ እጥፍ ይፈጥናል፤ ለቢሮ ሥራና ለኢንተርኔት ግን ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፣ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ መግጠሚያውም ላይኖረው ይችላል። ባለ 256 ጊጋባይቱ ሳታ ይበቃል ባይ ነኝ።

የሠርግና የልጆች ፎቶ ላይ ስንደርስ ሐሳቤ ይለወጣል። ኤስኤስዲ ኃይል ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ዳታው ሊጠፋ ይችላል። ለፎቶው በጊጋባይት ሲታሰብ የሚረክሰውን ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እመርጣለሁ፤ ያውም ሁለት ገዝቶ፣ አንዱን እናት ቤት ማስቀመጥ።