ለታናሽ እህቴ፣ ማይክ ፊት ከመቀመጥሽ በፊት

እህት ዓለም፣

 

የላክሽልኝን የራዲዮ ጽሑፍ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ አነበብኩት። ደግሜም አነበብኩት። የመጀመሪያው ዝግጅትሽ ስለ ዝሆኔ መሆኑን ሳይ ሆዴ ተላወሰ። ለምን እንደመረጥሽው አልጠይቅሽም። በዚሁ በሽታ የተሠቃየችው የእታለም ነገር ከሁለታችንም ልብ አልወጣም።

ኮርቼብሻለሁ። ሰግቼልሻለሁም። ዕውቀቱ እንዳለሽ አውቃለሁ፤ በሱ አልጠራጠርም። የምፈራው የምታውቂው ነገር ከአንቺ አፍ ወጥቶ ሰው ልብ ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዳይቀር ነው። ስለዚህ ስሚኝ፣ የኔ ዓለም።

ሁለተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ብለሻል፦ «ዝሆኔ በዘር ይመጣል የሚለው ኋላ ቀር አመለካከት ነው።» እባክሽ ይህን ዓረፍተ ነገር አውጪው። በእታለም ይዤሻለሁ፣ አውጪው።

ለምን እንደጻፍሽው ይገባኛል። «ከዚያ ቤት አይጋቡም» የሚለውን ክፉ ቃል ለመስበር ነው። በዚህ በሽታ ምክንያት እታለም በሰርግ ቀን ጓዳ መዋሏን ስለምታውቂ ነው። ሐሳብሽ ደግ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን እውነት አይደለም። ለደግ ነገር ተብሎ የተነገረ ስሕተት ደግሞ ዞሮ የሚጎዳው ያንኑ ልንረዳው የፈለግነውን ሰው ነው።

አንቺው ራስሽ ያስረዳሽኝን ላስታውስሽ። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወላይታ ሕሙማን ጋር የተሠራው ጥናት በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው ለዚህ በሽታ ይበልጥ ተጋላጭ መሆኑን አሳየ። ነገሩ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ ዘረ መሎች ጉዳይ ነው። በሽታውን የሚያነሣው ግን ቀዩ አፈር ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው፣ ዝናብ በሚበዛበት ከፍተኛ ቦታ የሚገኘው አፈር። ደቃቁ የማዕድን ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ይገባል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ የእግሩን የሊምፍ ቧንቧ ያስቆጣዋል፤ እግር ያብጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩን ከአፈሩ የጠበቀ ሰው ይድናል።

አሁን አንድ ገበሬ አስቢ። አባቱን ይዞት ነበር። አጎቱንም። አሁን እሱን ጀምሮታል። ጎረቤቱ ግን በዚያው መሬት ላይ በባዶ እግሩ አርሶ እግሩ ደኅና ነው። ይህ ሰው ያየውን አይቷል። አንቺ በራዲዮ «በዘር የሚባል ነገር የለም» ስትዪ ምን ይላል? «ይቺ ልጅ አታውቅም» ብሎ ራዲዮኑን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ስለ ጫማ የምትዪውን ማን ይሰማሻል? ዓይኑ ያየውን የካድሽበት ሰው ጆሮውን አይሰጥሽም።

ስለዚህ ሙሉውን ንገሪው። «ያያችሁት እውነት ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ እግር ለዚህ አፈር ስሱ ሆኖ ይፈጠራል። አፈሩ ካልነካው ግን በሽታው አይመጣም። እንግዲህ የዚያ ቤት ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ጫማ ያድርግ።» እንዲህ በያቸው። ወላይታ ገጠር ውስጥ የሠሩ ተመራማሪዎችም በዚሁ መንገድ ለማስረዳት ሞክረዋል።

አደራሽን ግን ሁለቱን ለያይተሽ አትናገሪ። ራዲዮ ነው፤ ሰው ከመሐል ይከፍታል፤ ከመሐል ተነሥቶ ከብቱን ሊመልስ ይሄዳል። «በቤተሰብ አለ» የሚለውን ብቻ ሰምቶ የሄደ ሰው ልጅቷን ላለማጨት አዲስ ምክንያት አገኘ ማለት ነው፤ ያውም ሳይንስም ብሏል ብሎ። ስሱነቱንና ጫማውን በአንድ ትንፋሽ ተናገሪ። በደገምሽ ቁጥር አብረሽ ድገሚ።

«ኋላ ቀር» የሚለውን ቃል ደግሞ ለዘለዓለም ተዪው። የእታለምን እግር አይተው «እባብ ረግጣ ነው» ያሉትን ሰዎች ታስታውሻቸዋለሽ። ውኃ የሚቀዱላት፣ በክረምት እንጨት የሚያቀብሏት እነሱው ነበሩ። ለሚያዩት መከራ ምክንያት ይፈልጉ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የነገራቸው ሰው አልመጣም። ሰው ያለ ምክንያት መኖር አይችልም፣ እህቴ። የተሻለውን ሳትሰጪ በእጁ ያለውን አትንጠቂው።

ዶክተር አክሊሉ ለማን አስቢያቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ወጣት ሳይንቲስት ነበሩ። ሴቶች ወንዝ ወርደው ልብስ በእንዶድ ያጥባሉ። እሳቸው ከዚያ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያን ወደ ሰው የሚያደርሰው እንዲህ ያለው ቀንድ አውጣ ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው የያዙት እንዶድ ትልቅ የምርምር ጉዳይ ሆነ። የሰዎቹን የዕለት ሥራ አክብረው ባይመለከቱ ኖሮ ያን ነገር ማየት ይችሉ ነበር? አንቺም ከመናገርሽ በፊት ሄደሽ ተቀመጪ። ቡናቸውን ጠጪ። አስጨናቂ ጥያቄ ሳትደረድሪ ሲያወሩ አድምጪ።

ስትሄጂ ስለ ጫማ ጠይቂ። «ለምን አታደርጉም?» ብለሽ እንደ ዳኛ አይሁን። «ጫማ ሲያደርጉ ምን ያስቸግርዎታል?» በያቸው። ያኔ ብዙ ትሰሚያለሽ። ጭቃው ተጣብቆ ጫማው ይከብዳል፤ በሬ ጠምዶ በሱ መሄድ አይቻልም። በረባሶ አለ፤ ግን ክፍት ነው፤ አፈሩን አይከለክልም። ኮንጎ ጫማ አለ፤ ግን ለቤተ ክርስቲያንና ለገበያ ቀን ተብሎ ይቀመጣል። እግሩ አንዴ ካበጠ ደግሞ ገበያ ያለው ጫማ አይገባለትም፤ በልኩ ይሠራለት ይላሉ፤ ያፈረ ሰው ግን ለመለካት እግሩን አይዘረጋም። «ጫማ አድርጉ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ከሁለቱ ቃላት በስተኋላ ያለው ግን ይህ ሁሉ ነው።

ይህን ከሰማሽ በኋላ ምክርሽ ራሱ ይለወጣል። ገንዘቡ ካነሰ ከልጆቹ ይጀመር ትያለሽ። ከእርሻ ሲመለሱ እግርን በሳሙና አጥቦ ማድረቅ፣ የተሰነጠቀውን ቆዳ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ ትያለሽ። በአካባቢው የእግር እንክብካቤ የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ካለ አጣርተሽ ስሙን ትጠሪያለሽ። የማይገኝ ነገር እንዳትመክሪ፣ አደራ። ሰው ተስፋ አድርጎ ረጅም መንገድ በታመመ እግሩ ሄዶ ባዶ እጁን ቢመለስ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪም ሲጠራው እንኳ አይመጣም።

ተስፋም ስትሰጪ ልክ ይኑረው። በምሥራቅ ጎጃም የተሠራውንና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመውን ሙከራ በጽሑፍሽ ጠቅሰሻል፤ ጎበዝ። እጥበቱ፣ ቅባቱ፣ ፋሻው፣ ካልሲና ጫማው ሕመሙ የሚነሣበትን ጊዜ ቀንሷል። አንቺ ግን «ፈውስ ተገኘ» ብለሻል። አይደለም፣ የኔ እናት። «ይቀንሳል» በዪ። እታለም ሲነሣባት ስንት ቀን በትኩሳትና በብርድ ብርድ እንደምትንቀጠቀጥ አብረን አይተናል። ከዚያ ሥቃይ ላይ ጥቂቱ መቀነሱ በራሱ ትልቅ የምሥራች ነው፤ ማጋነን አያስፈልገውም። ገና ያልታወቀውንም አትደብቂ። ከአፈሩ ውስጥ ዋናው ጥፋተኛ የትኛው ማዕድን እንደሆነ ገና ይጠናል። ይህን ብትናገሪ ሰው አይንቅሽም። የማታውቂውን አላውቅም ስትዪ ሲሰማሽ የምታውቂውን ያምንሻል።

በአገራችን በዚህ በሽታ የተያዙት ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚገመቱ በመክፈቻሽ አስቀምጠሻል። ቁጥሩን ለባለሥልጣኑና ለበጀቱ ስብሰባ አቆዪው፤ እዚያ ይሠራል። ለአድማጩ ግን አንድ ሰው አምጪለት። እግሯን መታጠብ ጀምራ እንደገና ገበያ የወጣች ሴት ራሷ ትናገር። በእሷ ድምፅ አንድ ደቂቃ፣ በአንቺ ማብራሪያ ከሚያልፈው ሰዓት ይልቃል። ግን ፈቅዳ ይሁን። ስሟን መናገር ካልፈለገች አትጥሪው። ለማስታወቂያ ብላችሁ ፎቶ ስትለጥፉም የከፋውን እግር ለይታችሁ አታሳዩ። ፊት የሌለው ያበጠ እግር ሰውን ያስደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ ይሸሻል። የሚሸሸው ከበሽታው ሳይሆን ከታማሚው ነው። እሱን ደግሞ ኖረንበታል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አጀማመርሽ። እባቡን፣ መተቱን፣ እርግማኑን ደርድረሽ ከጀመርሽ በኋላ ነው «ይህ ግን ሐሰት ነው» ያልሽው። ሰው መጀመሪያ የሰማው አእምሮው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አፈሩን አስቀድሚ። እባቡን በመሐል አንድ ጊዜ ብቻ አንሺው፤ አክብረሽ መልሺው፤ መዝጊያሽ ደግሞ እንደገና አፈሩና ጫማው ይሁን።

ከዝግጅቱ በኋላ አድማጮችን ስታገኚ «ገባችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ። ሕዝባችንን ታውቂዋለሽ፤ ይሉኝታ አለው። አንቺን ላለማሳፈር ሁሉም «ገብቶናል፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላል። «ለቤተሰብዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብለሽ ጠይቂ። ያኔ የተናገርሽው ነገር በሌላ ሰው አፍ ምን እንደሆነ ትሰሚያለሽ። አንዳንዴ ያስደነግጥሻል። አትዘኚ፤ አትቆጪ። ያ መልስ ለሚቀጥለው ዝግጅት ከማንኛውም ሙገሳ ይበልጥ ይጠቅምሻል።

ሙገሳ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ድምፅሽ ያምራል፤ አነጋገርሽ ይወደዳል። ደስ ይለኛል፤ ግን እሱን መለኪያ አታድርጊው። የተማሩት «አቀለልሽው» ይሉሻል። ሌላው «ከበደን» ይልሻል። ሁለቱንም ስሚ፤ ለሁለቱም አታኩርፊ። የድካምሽ ዋጋ የሚታወቀው የስንት ልጅ እግር ተሸፈነ፣ ስንት ታማሚ ሳያፍር ጤና ጣቢያ መጣ በሚለው ነው። ያ ጊዜ ይወስዳል። ቶሎ ካልታየሽ ተስፋ አትቁረጪ። ከደከመሽ ደውዪልኝ፤ ሌሊትም ቢሆን።

አሁን ይህን አድርጊልኝ። ጽሑፉን አስተካክለሽ ከእሑድ በፊት ላኪልኝ። ለእማዬና ከጎረቤት ለሚመጡት ሴቶች ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ምን እንደሰሙ በየተራ ይንገሩኝ። እነሱ ያሉትን ቃል በቃል፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ ጽፌ እልክልሻለሁ። አንቺ ልትዪ ከፈለግሽው ጋር ካልገጠመ የቀረችዋን አብረን እናርማታለን፤ ከገጠመ ግን ሂጂ፣ ሳትፈሪ ተናገሪ።

የምትወድሽ ታላቅ እህትሽ