ያልተፈጸመ ሥራ በሊቃውንት ፊት ስለ ማቅረብ

ልጁን የሚያስተምር ሰው ሁሉ የሚጓጓው የምረቃውን ቀን ለማየት ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት ልጁ ስንት ጊዜ እንደ ታረመና ስንት ጊዜ እንዳፈረ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም የታላቅ እኅቴን ቤት ካስጨነቀው ነገር የተማርሁትን፥ ልጆቻቸውን በትምህርት ለሚያሳድጉ አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ ለመጻፍ አሰብሁ።

የእኅቴ ልጅ በኤውሮጳ የዶክተርነት ትምህርት ትማራለች፤ የምትመረምረውም ሚድልዌር የሚባለውን የኮምፒዩተር ጥበብ ነው። በታኅሣሥ ወር 2016 ዓ.ም. የዚህ ጥበብ ሊቃውንት ጉባኤ በኢጣልያ አገር በቦሎኛ ከተማ ተደርጎ ነበርና፥ ለዶክተርነት ተማሮች ተለይቶ በተሰናዳው ስብሰባ ገና ያልጨረሰችውን ሥራዋን አቀረበች። በዚያው ማታ ለእናቷ በስልክ፥ «እማዬ፥ አንድ ሊቅ ጠየቁኝና መልስ አጣሁ፤ የሁለት ዓመት ሥራዬን እንደ ገና ላየው ነው» አለቻት። እኅቴም ሌሊቱን ሲያስለቅሳት አድሮ በማለዳ ወደ እኔ መጣችና፥ «ልጄን በባዕድ አገር፥ በሰው ፊት አዋረዷት» አለችኝ።

እኔም አስቀድሜ የልጅቱን ሥራ ለእኅቴ ማስረዳት ነበረብኝ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝ። ባለ ጉዳይ አቤቱታውን ይዞ ሲመጣ በቀጥታ ወደ ዳኛው አይገባም፤ እኔ እቀበለዋለሁ፥ ቍጥር እሰጠዋለሁ፥ ለሚገባው ችሎት አደርሰዋለሁ፥ መልሱንም ለባለ ጉዳዩ እመልሳለሁ። ሚድልዌርም እንዲሁ ነው። በየቦታው ተበታትነው በሚሠሩ ኮምፒዩተሮች መካከል ቆሞ የአንዱን ጥያቄ ለሌላው የሚያደርስ፥ መልሱንም የሚመልስ ነው። ቃሉም የትናንት አይደለም፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1968 ዓ.ም. በጀርመን አገር በጋርሚሽ ስለ ሶፍትዌር ሥራ በተመከረበት ጉባኤ መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል።

ልጅቱ የምትመረምረው ችግር ይህ ነው። አንድ ሰው በስልኩ 1000 ብር ወደ ዘመዱ ላከ እንበል። ትእዛዙ ከባንኩ ኮምፒዩተር ደረሰ፥ ገንዘቡም ተቀነሰ፤ ነገር ግን «ተፈጽሟል» የሚለው መልስ በመንገድ ጠፋ። የላከው ስልክ ትእዛዙ ይጥፋ መልሱ ይጥፋ ለይቶ ሊያውቅ አይችልም። ደግሞ ቢልክ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ይቀነስ ይሆናል፤ ዝም ቢል ደግሞ ምንም ሳይከፈል ይቀር ይሆናል። መድኃኒቱ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ቍጥር መስጠት ነው። ተቀባዩ የቍጥሮቹን መዝገብ ይጠብቃል፤ ያው ቍጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣበት ሥራውን አይደግምም፥ የፊተኛውን መልስ ብቻ ይመልሳል። ልጅቱም ይህን መዝገብ በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ ከፍሎ፥ ሥራን ሳያዘገዩ መጠበቅ የሚቻልበትን መንገድ ስታዘጋጅ ነበር።

ሊቁ የጠየቋት፥ «መዝገቡ ሞልቶ እንዳይፈስስ ያረጀውን ቍጥር ትሰርዢያለሽ፤ በመንገድ የዘገየ ትእዛዝ ቍጥሩ ከተሰረዘ በኋላ ቢደርስሳ?» ብለው ነው። እርሷ ግን ማናቸውም ትእዛዝ ከተወሰነው ጊዜ በላይ እንደማይዘገይ አድርጋ ነበር ሥራዋን ሁሉ የገነባችው።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከመግባቴ በፊት ሁለት ዓመት ያህል በቅኔ ቤት ነበርሁ። ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ቅኔ እንቈጥራለን፤ ማታ ከየኔታ ፊት ቆመን እንነግራለን። ሁለት ቤት ብቻ ያላት ጉባኤ ቃና እንኳ ሳትታረም የምታልፍበት ቀን ጥቂት ነበር። የኔታም፥ «ሰምህ ደኅና ነው፥ ወርቅህ ግን ወዴት አለ?» ሲሉ ጓደኞቼ ይሥቁብኝ ነበር። በነጋታው ግን የተሻለች ቅኔ ይዤ እመጣ ነበር። ያንጊዜ ማንም ቤተ ሰቤን «ልጃችሁ ተዋረደ» ያላቸው የለም።

ይህን ትምህርት ግን ካደግሁ በኋላ ረሳሁት። ጸሐፊ በሆንሁ በሦስተኛው ዓመት አንዲት መበለት ስለ ቤት ድርሻ አቤቱታ አቀረበች። ልጇም ወረቀቱ የጠፋ መስሎት ያንኑ አቤቱታ ሁለተኛ አመጣው፤ እኔም የፊተኛውን ሳላስታውስ ሌላ ቍጥር ሰጠሁት። አንዱ ጉዳይ ሁለት መዝገብ ሆኖ ወደ ሁለት ችሎት ሄደ። ስሕተቴን ባወቅሁ ጊዜ ከዋናው ጸሐፊ ፊት መቅረብ አፈርሁና፥ በስውር አስተካክለዋለሁ ብዬ አሥራ አንድ ቀን ዝም አልሁ። በዚህ መካከል መበለቲቱ ከአንደኛው ችሎት ደጅ ቆማ ስትጠባበቅ በሁለተኛው ተጠራች፤ አልቀረበችም ተብሎም መዝገቧ ተዘጋ። እስኪከፈትላት ብዙ ወር ተንከራተተች።

ዋናው ጸሐፊ ነገሩን በሰሙ ጊዜ አልተቈጡም፤ «ያን ቀን ብትነግረኝ ሁለቱን መዝገብ ባንድ ገመድ አስሬ ነገሩን በጨረስሁት ነበር» አሉኝ። ሴትዮዋም፥ «ልጄ፥ ሰው ነህና መሳሳትህ አልጎዳኝም፤ የጎዳኝ መደበቅህ ነው» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው እውነት ነው፤ እኔ በደበቅሁት በሽታ የታመመችው ግን ሌላ ሰው ነበረች።

ይህን ሁሉ ለእኅቴ ነገርኋትና፥ «እትዬ፥ ያ ጉባኤ የተሰናዳው ለዚሁ ነው» አልኋት። ተማሪው ችግሩን፥ ሌሎች ከእርሱ በፊት የሠሩትን፥ የራሱን አሳብና የቀረውን ሥራ በጥቂት ገጽ ጽፎ አስቀድሞ ይልካል፤ ሊቃውንቱ ያነቡታል፤ ከዚያም ቆሞ ሲናገር ሰምተው ይጠይቁታል፥ ይመክሩታልም። የተፈጸመ ሥራ ለመመስገን ወደ ሌላው ጉባኤ ይሄዳል፤ ወደዚህ የሚመጣው ገና ሊቃና የሚችለው ነው። የልጅቱ ቀዳዳ ዛሬ ሳይታይ ቀርቶ ሥራዋ ወደ ባንክ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፥ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ የሚቀነስበት ድኻ ማን እንደ ነበረ ማን ያውቃል?

ከሦስት ቀን በኋላ ልጅቱ ደወለችልኝ። «ጋሼ፥ እንኳንም ጠየቁኝ፤ በመጨረሻው ፈተና ቢሆን ኖሮ ማስተካከያ ጊዜ አላገኝም ነበር» አለችኝ። ሊቁ በዕረፍት ሰዓት አጠገባቸው አስቀምጠው በወረቀት እየሣሉ አብረዋት አስበዋል። አሁን እያንዳንዱ ትእዛዝ የሚያበቃበትን ሰዓት ከቍጥሩ ጋራ እንዲይዝ፥ ሰዓቱ ያለፈበትም ወደ ሥራ ሳይገባ እንዲመለስ አድርጋ ትመረምራለች። የኮምፒዩተሮቹ ሰዓት ሁሉ እኩል ስለማይሄድ ይህም ሌላ ጭንቅ እንዳለበት ነገረችኝ፤ በድምፅዋ ግን ኀዘን አልነበረም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ የተሰረዘበትን ደብተር ይዞ ወደ ቤት ሲመጣ አስቀድማችሁ አትቈጡት። የተቈጣችሁት እንደ ሆነ ደብተሩን ማሳየት ይተዋል እንጂ መሳሳቱን አይተውም። ይልቁንስ ማን እንዳረመውና ምን እንዳለው ጠይቁት፤ ከእርሱም ጋራ ተቀምጣችሁ እርማቱን ተመልከቱ።