አሞሌና ጠገራ
እ.ኤ.አ. 1780 የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራና አሞሌ ጨው በአንድ ገበያ ገንዘብ ነበሩ። መዶሻ ሲያርፍባቸው ግን አሞሌው ይሰባበራል፤ ጠገራው ይለጠጣል። በጨው ውስጥ ተቃራኒ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ተፈራርቀው ተደርድረዋል፤ ረድፉ ሲንሸራተት ተመሳሳዮቹ ፊት ለፊት ገጥመው ይገፋፋሉ። በብር ውስጥ ግን የውጪዎቹ ኤሌክትሮኖች የማንም አቶም የግል ሀብት አይደሉም፤ በመላው አካሉ ይዘዋወራሉ። ስለዚህ ረድፉ ቢንሸራተትም ማሰሪያው አይበጠስም። ሙቀትንና ኤሌክትሪክንም ፈጥነው የሚያደርሱ እነርሱው ናቸው። ጠገራው ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፤ የተቀላቀለው መዳብ መንሸራተቱን እያገደ ያጠነክረዋል። ሲቀጠቀጥ የጠጠረውን ብር በእሳት አግሎ የሚያለሰልሰው አንጥረኛ ይህን ሁሉ በእጁ ያውቀው ነበር። ጎረቤቱ ግን የሠራለትን መስቀል ባንገቱ አስሮ፣ ብዙ ጊዜ «ቡዳ» ይለው ነበር።