የከፈለችበት ፊልም ለምን ጨለመባት?

በሀብሩ ብዙ ቤት ውስጥ ዓረብ አገር ካለ ዘመድ የመጣ ዕቃ አለ። የአክስቴ ልጅም ከጅዳ ስትመለስ የብሉ ሬይ ማጫወቻና ኦሪጅናል ፊልሞች ይዛ መርሳ ገባች። የቤቱ ቴሌቪዥን ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ ብቻ የሚቀበለው የድሮው ነው፤ ማጫወቻው ደግሞ ያለው ኤችዲኤምአይ ብቻ። ከወልድያ መቀየሪያ ገዛን። የሠርግ ዲስኩ ጥርት ብሎ ታየ። ኦሪጅናሉ ሲገባ ግን ድርግም! «ተበላሽቷል» ያላለ የለም።

አልተበላሸም። ማጫወቻው ፊልሙን ከመልቀቁ በፊት ከፊቱ ያለውን ዕቃ ቁልፍ ይጠይቃል፤ ኤችዲሲፒ ይሉታል። ቁልፍ ከሌለው ምስሉን ይከለክላል። የሠርጉ ዲስክ ስላልተቆለፈ አለፈ። ዲቪአይ ያላቸው አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪኖችም እንዲሁ ናቸው፤ ምስሉ የሚተላለፍበት መንገድ ከኤችዲኤምአይ ጋር አንድ ስለሆነ በገመድ ይገናኛሉ፣ ቁልፉ ግን ብዙዎቹ ላይ የለም። በቢጫው ገመድ እንዳይሞከር ደግሞ ከ2013 እ.ኤ.አ. በኋላ የሚመረቱ ማጫወቻዎች የተቆለፈ ብሉ ሬይ በአናሎግ እንዳያወጡ ተደርጓል።

የደራሲ መብት ይከበር፤ እኛም ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አዋጅ ቁጥር 410 አለን። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። የኤችዲሲፒ ዋና ቁልፍ 2010 እ.ኤ.አ. ላይ አፈትልኮ ወጥቷል። ከሱቅ በፍላሽ የተጫነው ኮፒ በዲሹ ሪሲቨር በኩል በዚያው አሮጌ ቴሌቪዥን ያለ ችግር ይታያል። የተቆለፈባት በላቧ ገንዘብ የገዛችው ልጅ ናት።

ዕቃ የምትልኩ ወገኖች፣ ከመግዛታችሁ በፊት የቤቱን ቴሌቪዥን ጀርባ ፎቶ አስልካችሁ እዩ።